ዋን አይፒ ምንድን ነው? ዋይፋይ እያለ ኢንተርኔት ሲጠፋ

እህቴ ቤት ሞደሙ ያለው ሳሎን ነው። ዋይፋዩ ግን ሰርቪስ ቤቱ ጋ አይደርስም። ልጆቹ የሚያጠኑት ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ሌላ ራውተር ገዛች። ከሞደሙ ኬብል ተዘረጋ፣ ራውተሩ ተሰካ፣ ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ መጣ። ከስሩ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስትደውልልኝ «የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ፤ ነገ እመልሰዋለሁ» እያለች ነበር።

ከመመለሷ በፊት አንድ ቁጥር እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ዋን አይፒ የሚባለውን።

ራውተር ሁለት በር አለው ብላችሁ አስቡ። አንዱ ወደ ቤት ነው፤ ላን ይባላል። ስልካችን፣ ላፕቶፓችን፣ ቴሌቪዥናችን የሚገቡት በዚህ ነው። ሌላው ወደ ውጭ ነው፤ ዋን ይባላል። ከሞደሙ የሚመጣው ኬብል የሚሰካው እዚህ ነው። ራውተሩ በሁለቱም በር በኩል አድራሻ ያስፈልገዋል። የቤቱን አድራሻ ራሱ ይዞት ይመጣል። የውጪው ግን ከሞደሙ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው የሚሰጠው ነው። ዋን አይፒ ማለት ይሄ ነው።

ስልካችን ላይ የምናያቸው የዋይፋይ መስመሮች የሚናገሩት ስለ ቤቱ በር ብቻ ነው። ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው ይሉናል፤ ከራውተሩ ወዲያ ስላለው ምንም አያውቁም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቁጥሩን ለማየት በስልክ ወይም በላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ብራውዘር ላይ ራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ከገባችሁ በኋላ «ስታተስ» የሚለው ገጽ ላይ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» ከሚለው ስር ታገኙታላችሁ።

0.0.0.0 ካያችሁ ራውተሩ ከውጭ ምንም አልተቀበለም። መጀመሪያ ኬብሉን እዩ። ራውተሩ ላይ ዋን የሚለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል፤ ኬብሉ በስህተት ላን ውስጥ ገብቶ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ አይቻለሁ። ኬብሉ ትክክል ከሆነ ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ። ሞደሙን ብቻ መልሳችሁ ሰክታችሁ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቁ፤ ከዚያ ራውተሩን አብሩ። አሜሪካ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ኢንተርኔት የምታስገቡ ይሄን በተለይ ልብ በሉ። የዚያ ዓይነት ሞደም መጀመሪያ የተገናኘውን ዕቃ ያስታውሳል። ካላጠፋችሁት አዲሱን ራውተር አልቀበልም ሊል ይችላል።

አሁንም 0.0.0.0 ከሆነ ነገሩ ፒፒፒኦኢ ሊሆን ይችላል። ይሄ በዩዘርኔም እና በፓስወርድ የሚደረግ ግንኙነት ነው። አገር ቤት በስልክ መስመርም ሆነ በፋይበር የሚገባ የቤት ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ዩዘርኔሙ ሞደሙ ውስጥ ተሞልቷል፤ ራውተሩ ምንም መሙላት የለበትም። ሞደሙ ብሪጅ ሞድ ላይ ከሆነ ግን መስመሩን ዝም ብሎ ያሳልፋል እንጂ ራሱ አይገናኝም። ያን ጊዜ ዩዘርኔሙ የሚሞላው ራውተሩ ላይ ነው።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ሞደሙ ጀርባ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አትንኩ። ሪሴት ማለት አጥፍቶ ማብራት አይደለም። ዩዘርኔሙንም ፓስወርዱንም ያጠፋዋል። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ከሌለ ትንሿ ችግር ትልቅ ትሆናለች።

በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ራውተሩና ሞደሙ ተግባብተዋል። አሁንም ኢንተርኔት ከሌለ ላፕቶፑን በኬብል በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። እዚያም ከሌለ ራውተሩን ተዉት፤ ችግሩ ሞደሙ ላይ ወይም መስመሩ ላይ ነው። በፋይበር ከሆነ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከበራ ብርሃኑ ቤታችሁ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ወደ አቅራቢው መደወል ነው።

በ100.64 የሚጀምር ቁጥርም አያስደንግጣችሁ። አቅራቢው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሲያካፍል የሚሰጠው ነው። በዓለም ላይ ያሉት የድሮው ዓይነት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ ለሁሉም አይበቁም።

እህቴ ያነበበችልኝ 192.168.1.5 ነበር። የራውተሩን የቤት አድራሻስ ስላት 192.168.1.1 አለችኝ። የሞደሙም 192.168.1.1 ነው።

አንድ መንደር ውስጥ ሁለት ቤት አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር ቢይዙ ደብዳቤው የት ይደርሳል? ራውተሩም እንደዚያው ሆኗል። በ192.168.1 የሚጀምረው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው ብሎ ያምናል፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ሞደምም እዚያው ቁጥር ላይ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ይሄን ራሳቸው ደርሰውበት አድራሻቸውን ይቀይራሉ። የእሷ አልቀየረም።

መፍትሔው የራውተሩን የላን አድራሻ ወደ 192.168.2.1 መቀየር ነው። ከተቀየረ በኋላ ወደ ገጹ የሚገባው በአዲሱ አድራሻ ነው፤ አሮጌውን ጽፋችሁ «እምቢ አለ» እንዳትሉ።

ሌላም መንገድ ነበር። የራውተሩን ላን አድራሻ ለምሳሌ 192.168.1.2 አድርጎ፣ «ዲኤችሲፒ» የሚለውን (ለስልኩና ለላፕቶፑ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፍቶ፣ ኬብሉን ከዋን ነቅሎ ላን ላይ መሰካት። ያኔ ራውተሩ የሞደሙን ዋይፋይ የሚያራዝም ብቻ ይሆናል። ዋን አይፒውም ባዶ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ብቻ ባዶ መሆኑ ጤና ነው። ሳሎን ያለ ፕሪንተርን ከሰርቪስ ቤት ለማዘዝ ከፈለጋችሁ እኔ ይሄንን እመርጣለሁ።

ለእህቴ ግን የመጀመሪያው በቂ ነበር። ቁጥሩን ቀየረች፣ ራውተሩ ጠፍቶ በራ፣ ስልኩ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ጽሑፍ ጠፋ። ከጀርባ የልጆቹ ጩኸት በስልኩ ተሰማኝ።