የሰርቨር ክፍል ጥገና በደሴና በኮምቦልቻ

ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች መረጃና ፕሮግራም የሚያቀርብ ኮምፒውተር)፣ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ መሣሪያ) እና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ክፍል ሰርቨር ሩም ይባላል። የደሴ ባንኮችና ሆስፒታሎች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራ በዚህ ክፍል ላይ ተንጠልጥሏል። ሲስተም ሲቆም መጀመሪያ የሚታማው መብራት ኃይል ነው። ለመብራት መጥፋት ግን ዩፒኤስና ጀነሬተር አለ። ሌላ ነገር ሊጠግን ገብቶ የማይነካውን የነካን ሰው ዩፒኤስ አያስቆመውም።

አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ኤሲ ሊጠግን የመጣ ባለሙያ ድሪሉን የሚሰካበት አጣ። ከራኩ (መሣሪያዎቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ) ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አየና አንዱን ገመድ ነቀለ። «ኧረ አምስት ደቂቃ ናት!» አለኝ። የነቀለው የዋናውን ስዊች ነበር። ታች የተሰለፈው ሰው ሁሉ «ኔትወርክ የለም» ተባለ። በልጁ አልፈርድም፤ ገመዱ ላይ አንድም ነገር አልተጻፈም።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ ርካሽ ነው፦ እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ስም ይለጠፍበት። ለድሪልና ለጽዳት ማሽን ከዩፒኤስ ውጭ የሆነ ሶኬት ይዘጋጅ። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ሊጥለው ይችላል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ (የኤሌክትሪክ ኃይል መቀበያ) ያለው ሰርቨርም የሚተማመኑበት ገመዶቹ ከተለያየ መስመር ሲመጡ ነው። ሁለቱ አንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ምን ዋጋ አለው?

ግድግዳ ሲበሳ አቧራው በፋኖች ይሳባል፣ የጭስ ጠቋሚውንም ያስጮኻል። ራኩን በላስቲክ መሸፈን ብልህነት ይመስላል፤ እየሠራ ያለ ሰርቨር ግን ይታፈናል። የሚሻለው ቀዳዳው ሥር የአቧራ መሳቢያ መያዝ ነው።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ኤሲው ቢጠፋ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ያንሳል። በተለመደው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀነሳል። እስከ 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር ደሴ ላይ የሚፈቀድለት እስከ 30 አካባቢ ብቻ ነው ማለት ነው። የተዘጋ ጠባብ ክፍል እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

በር አጠገብ ያለው ቀይ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያም የበር መክፈቻ መስሎት የሚጫነው አይጠፋም። ክዳን ያስፈልገዋል።

ጥገናው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። በሦስት ፈረቃ የሚሠራ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ግን «ከተዘጋ በኋላ» የሚባል ሰዓት የለውም። እዚያ ከፈረቃ ኃላፊው ጋር መነጋገር የግድ ነው። ምን እንደሚነቀል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመለስ በወረቀት ይጻፋል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሠራል። ሲገቡ የራኩን ፊትና ጀርባ በሞባይል ማንሳት፣ ሲወጡ ከፎቶው ጋር ማስተያየት ነው። አረንጓዴ የነበረ መብራት ብርቱካናማ ከሆነ የክፍሉ ቁልፍ ገና አይመለስም።