ከብልቃጥ የሚወጡ የጣውላ ዛፎች፦ ስለ ጂኖቻቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአንድ ምርጥ የቲክ ዛፍ የተቆረጠች ትንሽ አንጓ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። በየጊዜው እየተከፋፈለች ብዙ ሺህ ችግኝ ይወጣታል። ቲሹ ካልቸር የምንለው ይህንን ነው። ቲክ፣ ማሆጋኒና ሌሎች የሐሩር አካባቢ የጣውላ ዛፎች በዚህ መንገድ ይራባሉ። ስለ ዘዴው ሲወራ ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት አንድ ነገር ስለሚዘነጋ ነው፦ ጂን መኖሩ ሌላ፣ ነቅቶ መሥራቱ ሌላ።

«ጂኑ የተቀየረ ዛፍ ነው»

አይደለም። በተራ ቲሹ ካልቸር ከውጭ የሚገባ ጂን የለም። ግርታው የመጣው ጂን የተጨመረበት ሴልም ሙሉ ተክል እንዲሆን ብልቃጥ ውስጥ ስለሚያድግ ነው። ዕቃው አንድ ነው፣ ሥራው ግን ለየቅል።

«ከአንድ ዛፍ ከመጡ ሁሉም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጣም ግልጹ ማስረጃ የተገኘው ከጣውላ ዛፍ ሳይሆን ከሌላ የሐሩር ዛፍ፣ ከዘይት ፓልም ነው። በቲሹ ካልቸር ከተራቡት ፓልሞች አንዳንዶቹ ጤነኛ መስለው አደጉ። ማበብ ሲጀምሩ ግን አበባቸው ቅርጹን ሳተ። ወንዴ መሆን የነበረበት የአበባው ክፍል ሴቴ መሰለ። ፍሬው ተበላሸ፣ የዘይት ምርቱም ወረደ። ብልቃጥ ውስጥ ሳሉ ምንም ምልክት አልነበረም። አርሶ አደሩ ጉዱን ያየው ተክሎ፣ ኮትኩቶ፣ ዓመታት ጠብቆ ነው።

ምክንያቱን የማሌዢያ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2015 ይፋ አደረጉ። አበባን ከሚቀርጽ ጂን ውስጥ «ካርማ» የተባለ የዲኤንኤ ቁራጭ አለ። በጤነኛ ዛፍ ላይ ሜቲል የሚባሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ተለጥፈውበት ይተኛል። በቲሹ ካልቸር ወቅት ምልክቶቹ ሲነሱ ጂኑ በትክክል መነበብ ያቅተዋል። የዲኤንኤው ፊደል አልተነካም። የተለወጠው አነባበቡ ነው።

ለጣውላ ዛፍ ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቲክ ለጣውላ እስኪደርስ 20 ዓመትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ስህተት ካለ የሚታወቀው ያን ያህል ተጠብቆ ሊሆን ይችላል። ቁራጮቹን ስንት ዙር እንደምናራባ መገደብ፣ ናሙና እየወሰዱ መፈተሽም ቅንጦት አይደለም።

«ሆርሞኑን ካስተካከልክ የማይበቅል ዛፍ የለም»

ይህ ሐሳብ መሠረት አለው። በ1957 ስኩግና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች በትምባሆ ላይ ኦክሲን የተባለው የተክል ሆርሞን ሲበዛ ሥር፣ ሳይቶካይኒን የተባለው ሲበዛ ደግሞ ቀንበጥ እንደሚወጣ አሳዩ። ነገር ግን ሆርሞን መልእክት ነው። ተቀባዩ ሴል ዝግጁ ካልሆነ መልእክቱ የትም አይደርስም።

ዝግጁነቱን ከሚወስኑት አንዱ የዛፉ ዕድሜ ነው። ኤምአይአር156 የሚባል ትንሽ አርኤንኤ (ከዲኤንኤ የሚቀዳ ቅጂ) በለጋ ተክል ውስጥ ይበዛል፣ ተክሉ ሲያድግ ይቀንሳል። ያረጀ ዛፍ ቁራጭ ሥር ለማውጣት የሚያስቸግረው አንድም በዚህ የተነሳ ነው። መላው ግን ጠፍቶ አያውቅም። ከግንዱ ሥር አካባቢ የሚያቆጠቁጥ ቀንበጥ ከላይኛው ቅርንጫፍ ይልቅ የለጋነት ባሕርይ አለው። ቁራጩን በተደጋጋሚ ወደ አዲስ ምግብ ማዛወርም ያግዛል። የሕንድ ተመራማሪዎች በ1980 የ100 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የቲክ ዛፎች ችግኝ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

«ቁራጯ ከጠቆረች ተበክላለች»

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሱና ተመልከቱ። አንጓዋ በተቆረጠችበት ጫፍ ዙሪያ፣ አጋር በሚባለው ጄሊ መሳይ የምግብ መደብ ላይ፣ ዝገት የመሰለ ቀለበት ይታያል። ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ይጠቁራል። ሻጋታ ቢሆን ጸጉር የመሰለ ነገር ያወጣ ነበር። ባክቴሪያ ቢሆን ደግሞ ዝልግልግ ወይም ደመናማ ይሆናል። ይህ ግን ንጹሕ ነው፣ ቀለም ብቻ።

ዛፏ ስትቆረጥ ቁስል መሆኑን ታውቃለች። ራስን የመከላከያ ጂኖቿ ይነቃሉ፣ ፊኖል የሚባሉ ውህዶች ይመረታሉ። እነሱ ኦክስጅን ሲያገኙ ይጠቁራሉ፣ ሲበዙም ራሷን ቁራጯን ይመርዟታል። ብክለት ነው ብሎ በረኪና የሚያጠነክር ሰው ቁስሉን ያብሳል፣ ጥቁረቱም ይጨምራል። የሚረዳው አስኮርቢክ አሲድ፣ የነቃ ከሰል፣ ደግሞም ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ አጋር ማዛወር ነው።

«በብዛት የነቃው ጂን መንስኤው ነው»

የግድ አይደለም። ቁራጭ ሥር ሲያወጣ ወይም ሲጠቁር የትኛው ጂን እንደነቃ የሚታወቀው አርኤንኤውን በመለካት ነው፤ ልኬቱ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ቀንና የአንድ ናሙና ነው። ያ ጂን የለውጡ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ለማመሳከሪያ የሚያዘው ጂን፣ ለምሳሌ አክቲን፣ ብልቃጥ ውስጥ ራሱ ሊዋዥቅ ይችላል። ማመሳከሪያው ከዋዠቀ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ በዚያው ዛፍና በዚያው ዓይነት ቁራጭ ላይ መርጋቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።