ፒአይጂአር ምንድን ነው?

አንጀትንና የአየር ቧንቧን ከውስጥ የሚሸፍኑት የኤፒተልየም ህዋሳት ጎን ለጎን ጥብቅ ብለው ስለተያያዙ ትልልቅ ፕሮቲኖች በመካከላቸው አያልፉም። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ህዋሳት ደግሞ ያሉት ከዚህ ሽፋን ሥር ነው። ምርቱን ከሥር ተቀብሎ፣ በህዋሱ ሆድ አሳልፎ፣ ጀርሞች ወዳሉበት ወደ ላይኛው ገጽ የሚያወጣው ፕሮቲን ፒአይጂአር ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ፖሊመሪክ ኢሚዩኖግሎቡሊን ሪሴፕተር ነው፤ ሪሴፕተር ማለት ተቀባይ ነው።

ሁሉንም ፀረ እንግዳ አካል አያነሳም። ከፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች የሚይዘው ጥንድ የሆነውን አይጂኤና አምስት ሆኖ የተጣመረውን አይጂኤም ነው፤ ለዚህም ጄ ሰንሰለት የተባለችው ትንሽ ፕሮቲን የግድ መኖር አለባት። በሰው ደም ውስጥ የሚዘዋወረው አይጂኤ በአብዛኛው ነጠላና ጄ ሰንሰለት የሌለው ስለሆነ አያልፍም። ስለዚህ በደም ምርመራ የተገኘ በቂ የአይጂኤ መጠን ስለ አንጀት ወይም ስለ አፍንጫ መከላከያ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ከህዋሱ ውጭ ያለው ክፍሉ ከዲ1 እስከ ዲ5 የሚባሉ አምስት እጥፋቶች አሉት። ባዶውን ሲሆን እርስ በርስ ተጠጋግተው ይታጠፋሉ። አይጂኤ ሲመጣ ዲ1 ቀድሞ ይይዘዋል፤ ተቀባዩ ይዘረጋል፤ ብዙውን ጊዜም ዲ5 በሰልፈር ድልድይ ይቆልፈዋል። ከአይጂኤም ጋር ግን ይህ ቁልፍ አይፈጠርም። ወደ ህዋሱ ውስጥ የገባው ጅራት 103 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ተቀባዩ በየትኛው ጎን እንደሚቆም፣ መቼ በከረጢት ተጠቅልሎ እንደሚገባና ወዴት እንደሚያመራ የሚወስኑት ምልክቶች እዚያ ላይ ናቸው።

ዋናው ነገር የሚሆነው መድረሻው ላይ ነው። ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ተቀባዩን ይቆርጠዋል፤ 80 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሚመዝነው ውጫዊ ክፍልም ከፀረ እንግዳ አካሉ ጋር አብሮ ይወጣል። ይህ ቁራጭ ሴክሪቶሪ ኮምፖነንት ይባላል። አይጂኤን ከምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ይከላከልለታል፤ በላዩ ያሉት ስኳሮችም ንፍጡ ላይ ያጣብቁታል። አይጂጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመላልሰው ኤፍሲአርኤን የተሰኘ ተቀባይ ጭነቱን በአሲድነት ለውጥ ይዞና ለቆ ደጋግሞ ሲሠራ፣ ፒአይጂአር የሚያገለግለው ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። አንጀት በቀን የሚያወጣው አይጂኤ በግራም የሚቆጠር በመሆኑ ህዋሱ ተቀባዩን ያለ እረፍት ማምረት አለበት። እንደ ኢንተርፌሮን ጋማና ኢንተርሊውኪን 17 ያሉ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት መልእክተኞች፣ የባክቴሪያ ቁርጥራጮችም ጭምር፣ ይህን ምርት ያፋጥናሉ።

የተቀባዩ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ደማቸው በአይጂኤ ሲሞላ በአንጀታቸው ግን በጣም ያንሳል። ሥር በሰደደ የሳንባ መዘጋት ሕመምም በአየር ቧንቧ ሽፋን ላይ የፒአይጂአር መጠን መቀነሱ ታይቷል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ባክቴሪያ ወደ ሽፋኑ ለመጠጋት ይቀለዋል። ሳይቆረጡ ላይኛው ገጽ ላይ የሚቀሩ ተቀባዮችም አሉ። የሳንባ ምች አምጪው ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ በገጹ ላይ ባለ ፕሮቲን እነዚህን ጨብጦ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ህዋሱ ይገባል።