ኤሲ ምንድን ነው? ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያወጣው ማሽን

ደሴ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ ጉዳዩ ብዙም ላያሳስባችሁ ይችላል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በግንቦትም ቢሆን ማታ ማታ ጋቢ አይጠላም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን አየሩ ይለወጣል። ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ሲደረስማ ሌላ አገር ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ የሐምሌ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ቆርቆሮው እንደጋለ ይውላል። አቅሙ ያለው ሰው ከቬንትሌተር አልፎ ኤሲ ያስገጥማል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ «ቤቱን አያቀዘቅዝም፣ ቆጣሪውን ግን ይበላዋል።»

ማሽኑ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚጎድለው ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ውጭ ይጥለዋል፤ ሥራው በቃ ይኸው ነው። ይህን የተረዳ ሰው ስለ አያያዙ የሚሰማውን ምክር ሁሉ ራሱ ሊያመዛዝነው ይችላል።

እጃችሁ ላይ አልኮል ጠብ ስታደርጉ የሚሰማችሁን ቅዝቃዜ አስታውሱ። አልኮሉ ሲተን ሙቀቱን ከቆዳችሁ ላይ ይዞ ይሄዳል። ኤሲ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ክፍል ውስጥ በቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች የሚዞር ጋዝ አለ። እዚያ ፈሳሽ ሆኖ ሲደርስ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንኳ ይፈላል። ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከቤታችሁ አየር ነው። ከዚያ ውጭ የተቀመጠው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ጋዙን ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ጋዝ ይግላል፤ ከውጭው አየርም በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ፀሐይ ውስጥ ቆሞም ሙቀቱን ለውጭው አየር መስጠት ይችላል። ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆንና ወደ ቤት ይመለሳል። ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል።

የምትከፍሉት ለዚህ ማጓጓዝ ነው። ደህና ሁኔታ ላይ ያለ የቤት ኤሲ በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ብዙ ቤት የሚገባው ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ (ቢቲዩ የኤሲ አቅም የሚገለጽበት መለኪያ ነው) የማውጣት አቅሙ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ለዚያም 1 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 8 ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይጨምራል። ቬንትሌተር ግን ከ50 እስከ 70 ዋት ቢወስድ ነው።

የኤሲ ውጤታማነት የሚባለው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማሽኑ በአንድ ኪሎዋት የሚያወጣው ሙቀት እንዳይቀንስ መንገዱን ክፍት ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የሚወጣው ሙቀት ራሱ እንዲያንስ ከመነሻው እንዳይገባ መከልከል ነው። እኔ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ በእኛ አካባቢ በጣም የተረሳውም እሱ ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያ ኮርኒስ ከሌለው ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ላይ ሙቀት ይረጫል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኤሲ መግጠም ገንዘብ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ይኑረው። ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወትም እንዲሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል። መጋረጃ ይረዳል፤ ግን ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው። በውጭ በኩል የሚደረግ ጥላ፣ ዳስም ይሁን ሰሌን ወይም ዛፍ፣ በእጅጉ ይሻላል። አዲስ ቤት የምትሠሩ ሰዎች መስኮቱን የት እንደምታደርጉ ከኤሲው ዋጋ በፊት አስቡበት።

ቆላው ወሎ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። ከዝናቡ በፊት አየሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱም ከቀኑ በጣም ይቀዘቅዛል። መስኮት ማታ ከፍቶ ማደር፣ ረፋድ ላይ ውጭው ከቤቱ ሳይሞቅ መዝጋት ብዙ ሰዓት የኤሲ ሥራ ይቀንሳል። ወባ ስላለ ግን መስኮቱ ላይ ጥሩ ወንፊት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ፊልተሩ ከሁሉ ይቀድማል። የውስጡን ክፍል ክዳን ስትከፍቱ የምታገኙት ወንፊት መሳይ ነገር ነው። የቤቱ አየር ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ የሚሄደው በእሱ በኩል ነው። አቧራ ሲደፍነው አየሩ ያንሳል፤ ቱቦው ሙቀት የሚወስድበት ያጣል፤ አንዳንዴ በረዶ ይጋገርበታል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የተደፈነ ፊልተርን በንጹሕ መተካት ብቻ ፍጆታውን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። የቆቦ ሜዳ ንፋስ ሲነሳ የሚያመጣውን አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ ለእኛ ምን ያህል እንደሚብስ ይገባዋል። ላዩ ላይ የዕጣን ጭስ አለ። ጭሱ ቅባት ስለሚተው አቧራውን አጣብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ፊልተሩን አውጡት፣ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ይህን ለማድረግ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

የውጩ ሞተር ደግሞ ትንፋሽ ይፈልጋል። ቆላ እንበለው እንጂ ከሚሴም ቆቦም ከ1,400 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአሥር በመቶ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ማራገቢያው ያው ቢሽከረከርም የሚያራግፈው ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሌባ ፈርተን ሞተሩን በላሜራ ሳጥን ውስጥ ስናሽገው ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይስበዋል። ለሌባ ክፍት የብረት ፍርግርግ ይበቃል። ከላይ ጥላ ቢደረግለት መልካም ነው፤ ፊቱና ጀርባው ግን ክፍት ይሁን። ቁልፉን አጥፍታችሁ፣ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ከኋላ ያሉትን ስስ ክንፎች ማጠብ ትችላላችሁ። ኃይለኛ ግፊት ያለው ውሃ ግን ያጣምማቸዋል።

ዲግሪውን በተመለከተ፣ ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዝም። ተራው ኤሲ 16 ቢባልም 25 ቢባልም የሚሠራው በአንድ ጉልበት ነው፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚያቆም ብቻ ነው። 16 ላይ ከሆነ በሙቀት ቀን ጨርሶ ላያቆም ይችላል። ውጭና ውስጥ በተራራቁ ቁጥር ሙቀቱን ማውጣት እየከበደ ይሄዳል። ሕንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ አዳዲስ ኤሲዎች ሲከፈቱ በ24 ዲግሪ እንዲጀምሩ ያዘዘችው ለዚህ ነው። እኔ 26 ላይ አድርጋችሁ ቬንትሌተር ጨምሩበት እላለሁ። ደረቅ አየር ላይ የሚነፍስ ንፋስ ላብን ቶሎ ያተናል፤ ሰውነት ቅዝቃዜው ይሰማዋል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ከተራው የሚለየው ሞተሩ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ መጠን ስለሚያስተካክል ነው። ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ በዝግታ እየሠራ ይቆያል። በቀን ብዙ ሰዓት የሚያበራ ቤት ልዩነቱን በቆጣሪው ያየዋል። በሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ሪሞቱ ላይ ያለውን የማድረቂያ ምልክት ተጠቀሙ። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1902 የነደፈውም ለሰው ምቾት አልነበረም፤ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየተበላሸበት ስለተቸገረ ነው።

አንድ ነገር ግን ከገንዘብ በላይ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ራሱን ነው መልሶ መላልሶ የሚያዞረው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ወሎ ውስጥ ቡና ሳይፈላ አይዋልም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከሰሉ እንደጋመ ይቆያል። ኤሲው ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ከነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ክፍሉን ይሞላል። ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም። 200 ግራም ከሰል በአንድ ሰዓት ቢነድ 1.5 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ይህ ባለ 12,000 ቢቲዩው ኤሲ ከሚያወጣው ግማሹን ሊጠጋ ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ይፈላ። ኤሲ በተከፈተበት ዝግ ክፍል ከሰል በፍጹም አታስገቡ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ኮምፕረሰሩ ይጎዳል። ሲጠፋ ኤሲውን ከማብሪያው አጥፉት፤ ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ጋዙ ግፊቱን ያስተካክላል። ቮልቴጅ የሚዋዥቅበት ሰፈር ለኤሲው ጉልበት የሚመጥን ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጁን የሚያረጋጋ መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ስለ ጋዝ። «ጋዝ በየዓመቱ ይሞላል» የሚባለው ልክ አይደለም። ጋዙ የሚዞረው በታሸገ ቱቦ ውስጥ ነው፤ እየተቃጠለ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የሚያፈሰውን ሳይፈልግ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ በሚቀጥለው ግንቦት ተመልሶ ያስከፍላችኋል። የጋዙ ዓይነት የውጩ ሞተር ጎን ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ አር 32 ወይም አር 410ኤ ነው። አንዱን በሌላው ላይ መጨመር ማሽኑን ያበላሻል። አር 32 እሳት ሊይዝም ስለሚችል ቱቦው ከመበየዱ በፊት ጋዙ መውጣት አለበት። ባለሙያው ሥራውን ሳይጀምር የትኛውን ጋዝ እንደሚሞላና ፍሳሹን በምን እንደሚፈትሽ ጠይቁት።