«ስንቴ ነገርኩት፤ አይገባውም»፦ ስለ ድንበር ማስመር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስንቴ ነገርኩት፤ አይገባውም።»

ይህን ሳልሰማ የሚያልፍ የሥራ ሳምንት የለኝም። የማማከር ሥራ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰዎች ስለሚበዘብዛቸው ዘመድ፣ ስለሚያስፈራራቸው አለቃ፣ ስለሚጮህባቸው የትዳር ጓደኛ ሊያወሩኝ ይመጣሉ። ታሪኩ ይለያያል። በመጨረሻ ግን ይቺው አባባል ትመጣለች። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «እንዲገባው እንዴት አድርጌ ልንገረው?»

እኔን የሚያደክመኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ። ድንበር የምለው «ከዚህ በላይ አልቀበልም» ብለን ራሳችን የምናሰምረውን ወሰን ነው። መጀመሪያ ስለ እሱ ያሉትን ትንንሽ ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ድንበር የሚያሰምር ሰው ራስ ወዳድ ነው።» አይደለም። ራስ ወዳድ የሌላውን ይወስዳል፤ ድንበር ያለው ሰው የራሱን ይጠብቃል።

«እምቢ ስለው ከተቀየመ ጥፋቱ የኔ ነው።» የለመደው ነገር የቀረበት ሰው ይከፋዋል። መከፋቱ እናንተ ማጥፋታችሁን አያሳይም።

«ዝም ብለው በራሱ ጊዜ ይተዋል።» የሚበዘብዝ ሰው ዝምታን የሚሰማው እሺ እንደተባለ አድርጎ ነው።

«ድንበር ማለት ሰውን መቁረጥ ነው።» ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ለወንድሟ ገንዘብ ማበደር ያቆመች እህት ስልኩን ያለ ፍርሃት ማንሳት ትጀምራለች።

«ትንሽ ነገር ናት፤ ለእሷ ብዬ ከሰው አልቀያየምም።» ይቺ ትንሽ ቆም ታደርገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ያደረጉት ጥናት አለ። የቤት እመቤቶች በስልክ ተጠየቁ፦ 5 ወይም 6 ሰዎች ቤታችሁ ገብተው፣ ቁም ሳጥን ሳይቀር እየከፈቱ፣ ለ2 ሰዓት ዕቃችሁን ይመዝግቡ? ድንገት ከተጠየቁት መካከል እሺ ያሉት 22 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ ከ3 ቀን በፊት ስለሚጠቀሙት ሳሙና ጥቂት ቀላል ጥያቄ መልሰው ነበር። ከእነሱ 53 በመቶ ገደማ እሺ አሉ። ሁለቱን የለየው ያቺ የሳሙና ጥያቄ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ብዝበዛም የሚያድገው እንደዚያው ነው። መጀመሪያ መኪናህን ለአንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ለቅዳሜና እሁድ፣ ከዚያ ቁልፉ እሱ ዘንድ ያድራል።

አሁን ወደ ዋናው። «በደንብ ባስረዳው ይገባዋል።»

ገብቶታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብቶታል። ሚስቱ ላይ የሚጮኸውን ሰው አለቃው ፊት እዩት። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቃላት ይመርጣል። የት መጮህ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል አብጠርጥሮ ያውቃል ማለት ነው። የሚያውቀውን ሰው ልታስተምሩት ነው የምትደክሙት።

አንዲት ሴት፣ እዚህ የምትታወቅበትን ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ ለታላቅ ወንድሟ ልትልከው ያዘጋጀችውን መልእክት አሳየችኝ። አራት ቀን ጽፋዋለች። ስልኳን ሰጠችኝና በአውራ ጣቴ ወደ ታች ገፋሁ፤ ደግሜ ገፋሁ፤ አያልቅም። የልጅነታቸው ታሪክ አለ። የልጇ የትምህርት ክፍያ አለ። «እንዳትቀየመኝ» የሚል ሦስት ቦታ፣ «ይቅርታ» የሚል ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ከእንግዲህ ገንዘብ ላለማበደር። እሱን ግን መልእክቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስነግራት ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ ፈለገች። አጣችው።

አብረን መቁረጥ ጀመርን። አንድ መስመር ባጠፋን ቁጥር «ይሄ እንኳ ቢቀር አይገባውም» ትላለች። በስተመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦ «ከእንግዲህ ገንዘብ አላበድርም።» ስትልከው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ለምን?» እሷም ልትመልስለት ጣቷን አነሳች።

ያቺን ጣት ነው የምፈራው። ለሚበዘብዝ ሰው ምክንያት መስጠት የበር እጀታ እንደ መስጠት ነው፤ ይዞ ይጎትተዋል። «ገንዘብ አጥሮኛል» ስትሉ «ደመወዝ ሲገባ ትሰጪኛለሽ» ይላል። «አሞኛል» ስትሉ «እንግዲያው ነገ ሲሻልህ» ይላል። «ባለፈው አልመለስክልኝም» ስትሉ ደግሞ የአሥር ዓመት ውለታ ይዘረዝራል። ምክንያታችሁ ሲፈርስ እምቢታችሁም አብሮ የፈረሰ ይመስላችኋል። ጥሩ ምክንያት ስላልነበራችሁ አይደለም። ነገሩን ለክርክር ስላቀረባችሁት ነው።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሌላ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ባልደረባዬ ሊመሽ ሲል የራሱን ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥ ነበር። «አንቺ ስለምትችዪበት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ አስረዳዋለሁ። ልጅ እንዳለኝ፣ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ የራሴ ሥራ እንደተከመረ። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማኛል። «ልክ ነሽ፤ የዛሬን ብቻ» ይላል። ሁለት ዓመት አስረዳሁት። አንድ ቀን ግን ማስረዳቱ ራሱ ታከተኝ። ፋይሉን አንስቼ እሱ ጠረጴዛ ላይ መለስኩት። «አልሠራውም» አልኩና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር፤ ዛሬም አልረሳውም። ለሳምንታት አኮረፈኝ፤ ለሌሎችም አማኝ። ሪፖርቱን ግን ራሱ መሥራት ጀመረ። በሁለት ዓመት ማብራሪያ ያልገባው ነገር በአንድ ምሽት እንዴት ገባው? ቀድሞም ገብቶት ነበር።

ስለዚህ «ለምን?» ሲባል ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰው ለራሱ እንዲቆም የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አስተዋውቀው ነበር። የተቧጨረ የሙዚቃ ሸክላ አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ያንኑ ይደጋግማል። እናንተም ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ድገሙት። «ለምን?» «አላበድርም።» «ተቀይረሻል!» «ሊሆን ይችላል፤ አላበድርም።» ያቺ ሴት ያን ዕለት ስድስት ጊዜ ደገመችው። በስድስተኛው ወንድሟ መጻፉን አቆመ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ብዙ ሰው «አትጩህብኝ» ማለት ድንበር ይመስለዋል። ይሄ ጥያቄ ነው፤ የሚሠራው ሌላው ሰው ከተስማማ ብቻ ነው። ድንበር በእናንተ እጅ ያለ ነገር ነው፦ «ከጮህክ ስልኩን እዘጋለሁ።» ከዚያ ሲጮህ ይዘጋል። በሁለተኛው ጩኸት ሳይሆን በመጀመሪያው። የማታደርጉትን ደግሞ አትናገሩ። «እፋታሃለሁ» ተብሎ አሥር ጊዜ የተነገረው ሰው አሥራ አንደኛውን አይሰማም።

ሰው ሁሉ በዝባዥ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎች የማያውቋቸውን ሰዎች መጠይቅ እንዲያስሞሉ ተደረገ። አምስት ሰው እሺ እንዲል 20 ያህል ሰው መጠየቅ እንዳለባቸው ገምተው ነበር። 10 ያህል በቃቸው። ጠያቂ ሆነን ስንቀርብ፣ ለተጠያቂው እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው አይታየንም። ይሉኝታችሁ ያናገረውን እሺታ በደስታ የሰጣችሁት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው አንዴ «አልችልም» ስትሉት «አይ፣ ችግር የለም» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሰውን የምትለዩት በጥያቄው ሳይሆን ከእምቢታው በኋላ በሚያደርገው ነው። ይተወዋል? ወይስ ይጫናል፣ ያለቅሳል፣ ይዝታል፣ ሽማግሌ ይልካል?

«ለዛሬ ብቻ እሺ ብለው ምን አለበት?» ብዙ አለበት። ሁልጊዜ ዋጋ ያገኘ ልማድ፣ ዋጋው ሲቀር ቶሎ ይጠፋል። አንዳንዴ ብቻ ዋጋ ያገኘ ልማድ ግን ለመጥፋት በጣም ይቸግራል። የባሕርይ ሳይንስ ይህን ደጋግሞ አይቶታል። አምስት ጊዜ እምቢ ብላችሁ በስድስተኛው እሺ ካላችሁ ያስተማራችሁት ትዕግሥትን ነው፤ ስድስት ጊዜ ከጠየቅኩ አገኛለሁ ብሎ ይይዘዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ድንበር ባሰመራችሁ ሰሞን ነገሩ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ጥሪው ይበዛል፤ ስድቡ ይጠነክራል። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚተዉት እዚህ ጋ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የማይሠራበት ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ እባካችሁ በደንብ አንብቡኝ። «ደፍረሽ ፊት ለፊት ከነገርሽው ይፈራል» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። የሚያስፈራራው ሰው የሚማታ፣ የሚያንቅ፣ መሣሪያ ያለው፣ «ከሄድሽ እገድልሻለሁ» የሚል ከሆነ ይህ ምክር ሰው ያስገድላል። ዣክሊን ካምቤልና ባልደረቦቿ በ11 የአሜሪካ ከተሞች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ውጤት አለ። ሴቲቱን እጅግ ከሚቆጣጠር ሰው ጋር አብሮ ኖሮ መለያየት፣ በእሱ የመገደል አደጋን ወደ 9 እጥፍ ያሳድገዋል። ይህ «አትውጪ» ማለት አይደለም። ሳትዘጋጂ፣ ቀድመሽ ነግረሽው አትውጪ ማለት ነው።

«እጁን አላነሳብኝም፤ ስለዚህ ጥቃት አይባልም» የሚሉም አሉ። ስልክ መፈተሽ፣ ገንዘብ መከልከል፣ ከቤተሰብ መነጠል፣ እያንዳንዷን እርምጃ መቆጣጠር ጥቃት ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ፣ በትዳር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ ላይ እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ቁጥጥር ማድረግ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር የምትኖር ሴት መጥታ «ምን ብዬ ልንገረው?» ስትለኝ መልሴ «ምንም አትንገሪው» ነው። ቀድማ የምትነግረው ለምታምነው አንድ ሰው ይሁን። ከተቻለም በዚህ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ አግኝታ አብራው ታቅድ። ዛቻውን ቀንና ሰዓት ጽፋ፣ እሱ በማያገኘው ቦታ ታስቀምጥ። ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ በዚያ ስልክ አትማከር። መታወቂያዋን፣ የልጆቿን ሰነድ፣ መድኃኒትና ትርፍ ቁልፍ በአንድ ትንሽ ቦርሳ አድርጋ ታዘጋጅ። ቦርሳው ከቤት ውጭ፣ ያ የምታምነው ሰው ዘንድ ይደር።