ፊታችን ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባችን ወደ ማን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስባረ ዐፅም፣ ማለትም የእግራቸው መሰበር፣ የሚታሰብበት ጥር 24 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ላይ ይውላል። በዚያው ዕለት አየርላንድ ውስጥ ኢምቦልክ የሚባለው የጥንት የጸደይ መግቢያ ይከበራል። ዘንድሮ በአውሮፓ ካሉ ልጆቻችን አንዳንዶቹ ከቅዳሴው ቀርተው ቤታቸው በጥንቶቹ የአየርላንድና የአካባቢዋ ሕዝቦች ስም የሚጠራውን «የኬልቶች ሜዲቴሽን» ሲያደርጉ እንደዋሉ ሰማሁ። የነገሩኝ እነርሱው ናቸው፤ ክፋት ያለበት ስላልመሰላቸው አልደበቁትም። እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በስልክ የሚመራ ድምፅ አለ፤ ከኋላው የወንዝ ድምፅ ይሰማል። «ዓይንህን ጨፍን፤ ወደ ምሥራቅ ዙር» ይላል። ምሥራቅ ነፋስ ነው፣ ጸደይ ነው፣ ንጋት ነው። ደቡብ እሳት፣ በጋና ቀትር ነው። ምዕራብ ውሃ፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወራትና ምሽት ነው። ሰሜን ደግሞ መሬት፣ ብርዱ ወራትና እኩለ ሌሊት ነው። በየአቅጣጫው ይቆምና «የዚህን አቅጣጫ መንፈስ ሰላም በለው፤ ምን ስጦታ እንዳመጣልህ ጠይቀው» ይላል። ሲጨርስ በምናብ ወደ ጫካ ያስገባል። እዚያ የሚጠብቅ አንድ «መሪ» አለ፤ ለአንዱ አጋዘን፣ ለሌላው ሽማግሌ ሆኖ ይታየዋል። «ተከተለው» ይባላል።

ልጆቼ፣ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ኃጢአት አይደለም። ዛፍና ወንዝ መውደድም ኃጢአት አይደለም። ግን «ሰላም በለው፣ ጠይቀው፣ ተከተለው» ሲባል፣ ማንን ነው? ስሙን ያልነገረህን፣ በመስቀል ያልፈተንኸውን፣ ከየት እንደመጣ የማታውቀውን መንፈስ እንዴት ትከተላለህ?

ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውን አስቡ። እግዚአብሔር በራእይ ወደ ኢየሩሳሌም መቅደስ አደባባይ ወሰደውና ሃያ አምስት የሚያህሉ ሰዎች አሳየው፤ «ጀርባቸውም ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ፊታቸውም ወደ ምሥራቅ ነበረ፥ እነርሱም ወደ ምሥራቅ ለፀሐይ ይሰግዱ ነበር» (ሕዝ. 8፥16)። ይህን ጥቅስ ባነበብሁት ቁጥር ያስደነግጠኛል። ሰዎቹ መቅደሱን ጥለው አልወጡም፤ በወለሉና በመሠዊያው መካከል ነው የቆሙት። የመቅደሱ በር ወደ ምሥራቅ ስለነበር ለፀሐይ ለመስገድ ዞር ማለት ብቻ በቃቸው። ቦታቸው አልተለወጠም፤ የቀየሩት የሚሰግዱለትን ነው።

እኛም እኮ ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው የምንጸልየው። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲለን የምንመለከተው ፀሐይዋን አይደለም፤ «መብረቅ ከምሥራቅ ወጥቶ እስከ ምዕራብ እንደሚታይ» የሚመጣውን የሰው ልጅ እንጠብቃለን። በተጠመቅህ ቀን የክርስትና አባትህ በአንተ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ እንደምታምን መሰከረ። በአርባ ቀንህ አቅጣጫህ ተለይቷል። ዛሬ በየማዕዘኑ ዞረህ የማታውቀውን መንፈስ «ሰላም ለአንተ ይሁን» ስትል፣ ያ የተካደው ወዴት በኩል የቆመ ይመስልሃል?

«የጥንት አባቶች ጥበብ ነው» የሚሉም አሉ። እንደዚያ እንኳ አይደለም። ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት ብሎ አራቱን የዘረዘረው የግሪኩ ፈላስፋ ኢምፔዶክልስ ነው። አራቱን ከአራቱ ማዕዘን ጋር አዛምዶ መናፍስትን በየአቅጣጫው መጥራትን ያስፋፋው ደግሞ በፈረንጆቹ 1888 ለንደን ላይ የተቋቋመ የአስማት ማኅበር ነው። በጥንቱ የአየርላንድ ጽሑፍ ውስጥ ምዕራብ ዕውቀት፣ ሰሜን ጦርነት፣ ምሥራቅ ብልጽግና፣ ደቡብ ሙዚቃ፣ መካከሉ ንግሥና ነው፤ ስለ ነፋስና ስለ እሳት አያወራም። ጥንታዊ ቢሆንም ኖሮ መልሳችን ያው ነበር፤ የሕዝቅኤል ሰዎች የሰገዱላት ፀሐይም ጥንታዊት ነበረች።

ከዚያው ከአየርላንድ አንድ ሰው ልጥራላችሁ፤ ፓትሪክ ይባላል። በስንክሳራችን የምናነበው ቅዱስ አይደለም፤ የሕይወቱን ታሪክ ግን እወደዋለሁ። በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረ ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከብሪታንያ ማርከው አየርላንድ ወሰዱት፤ 6 ዓመት ባሪያ ሆኖ ከብት ጠበቀ። በቀን እስከ መቶ ጊዜ ይጸልይ እንደነበር፣ ሌሊትም ለዚያ የሚቀርብ ጊዜ እንደሚጸልይ፣ በበረዶና በውርጭ፣ በዝናብም ሳይነጋ ይነሣ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ጫካው፣ ነፋሱ፣ ብርዱ ሁሉ ነበረው፤ ግን አንዱንም መሪ አላደረገም። በእርጅናው በጻፈው ኑዛዜ ይህቺ የምናያት ፀሐይ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ትወጣለች እንጂ አትነግሥም፣ የሚያመልኳትም ይጠፋሉ፣ እኛ ግን እውነተኛውን ፀሐይ ክርስቶስን እናመልካለን ይላል። በስሙ የሚጠራው የአየርላንዶች ጸሎትም የፀሐይን ብርሃን፣ የእሳትን ድምቀት፣ የነፋስን ፍጥነት፣ የባሕርን ጥልቀት፣ የዓለትን ጽናት ይጠራል፤ የሚጀምረው ግን በሥላሴ ስም ነው። ወደ መጨረሻው ክርስቶስ ከፊቴ፣ ክርስቶስ ከኋላዬ፣ ክርስቶስ በቀኜ፣ ክርስቶስ በግራዬ ይላል። የኬልቶችን መንፈሳዊነት የሚፈልግ ሰው ይኸው፤ አቅጣጫው ሁሉ በክርስቶስ ተሞልቷል።

አሁን ወደ አባታችን እንመለስ። በደብረ አስቦ ዋሻ ሁለት ጦር በፊታቸው፣ ሁለት በኋላቸው፣ ሁለት በቀኛቸው፣ ሁለት በግራቸው ተክለው እንደጸለዩ ገድላቸው ይነግረናል። እንቅልፍ ቢያዘነብላቸው በየትኛውም በኩል ጦር አለ። ከመቆም ብዛት እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያም በአንድ እግራቸው 7 ዓመት ጸለዩ። አራቱን አቅጣጫ እንዲህ አድርገው የቆሙ አባት ልጆች ሆነን፣ በዓላቸው በሚከበርበት ቀን ሶፋ ላይ ጋደም ብለን «የምሥራቅ መንፈስ ሆይ ምን አመጣህልኝ» እንላለን? ወገኖቼ፣ ይህ ያስለቅሳል!

እነዚህን ልጆች «ጠንቋይ» እያላችሁ የምትሰድቡም ተዉ። በባዕድ አገር፣ በጨለማው ወራት፣ ከሥራ ደክመው ብቻቸውን የሚገቡ ናቸው፤ ዕረፍት ፈልገው ነው የሄዱት። ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት በዕለተ እሑድ የተፈጠሩ ፍጥረታት እንደሆኑ፣ ሰውም ከአራቱ ባሕርያት እንደተፈጠረ ቤተ ክርስቲያናቸው ታስተምራለች፤ ስንቱ ነግሯቸዋል? መጸው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት የየራሳቸው ዜማ እንዳላቸው ማን አስረዳቸው?

አንቺም እኅቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ ፈጣሪያችሁ አልተቆጣችሁም፤ እየጠበቃችሁ ነው። ስልኩን ዝጉና ማለዳ ከሥራ በፊት በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ቁሙ፤ አማትባችሁ በእቶን ውስጥ ሆነው ያመሰገኑትን የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት አንብቡ። እዚያ ፀሐይና ጨረቃ፣ እሳትና ነፋስ፣ ውርጩና በረዶው ሁሉ ይጠራሉ፤ እግዚአብሔርን አመስግኑ ይባላሉ እንጂ ስጦታ አይለመኑም። በጫካው ያያችሁትን ያን «መሪ»፣ የነገራችሁንም ቃል ምንም ሳታስቀሩ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። አትፍሩ፣ እፍረትም አይያዛችሁ፤ ይህን ሳምንት ሳያልፍ ደውሉላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።