መሠረታዊ የቃላት ቅደም ተከተል ምንድን ነው?

ባለቤት፣ ተሳቢና ግሥ በስድስት ዓይነት መንገድ ሊሰለፉ ይችላሉ። ተናጋሪው የትኛውንም ቃል ለይቶ ማጉላት ሳይፈልግ ሲናገር የሚመጣው አሰላለፍ የቋንቋው መሠረታዊ ቅደም ተከተል ይባላል።

ምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ጥናት የታደለ አካባቢ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስዋሂሊ መካከል፣ ማሳይኛ ደግሞ መጀመሪያ። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የ30 ቋንቋዎች ንጽጽር ሁለቱ የኋለኞቹ ይገኛሉ። በማሳይኛ ከግሡ ቀጥለው ከሚመጡት ስሞች ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው የድምፅ ቃና፣ ማለትም የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት ስለሆነ፣ ቃናውን ያልመዘገበ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የግሡ ቦታ አንድ ስለሆነ ሌላውም አንድ ነው ማለት አይደለም፦ አማርኛ «ትልቅ ቤት» ሲል ኦሮምኛ «መነ ጉዳ» ይላል፤ ስሙ ቀድሞ ቅጽሉ ይከተላል።

አማርኛን ብቻ እንኳ ብንወስድ ነገሩ ቀላል አይደለም። «አልማዝ ብርጭቆውን ሰበረች» እንላለን፤ «ብርጭቆውን አልማዝ ሰበረችው»ም እንላለን። ተሳቢው ወደ ፊት ሲወጣ ግሡ ላይ «ው» መጨመሩን ልብ ይሏል። «ብርጭቆ አልማዝ ሰበረች» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ን» የሌለው ተሳቢ ከግሡ ጎን መለየት አይወድም። ስለዚህ ተሳቢው የታወቀ ነው (እንደ «ብርጭቆውን») ወይስ ያልታወቀ (እንደ «ብርጭቆ») የሚለውን ሳይለይ፣ መሠረታዊውን አሰላለፍ ለማግኘት ዓረፍተ ነገሮችን የቆጠረ አጥኚ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደባልቆ ይቆጥራል።

ትልቁ ስሕተት ግን ከመረጃ አሰባሰቡ ይመጣል። «ይህን ዓረፍተ ነገር ተርጉምልኝ» የተባለ ሰው የመነሻውን ቋንቋ አሰላለፍ ይዞ ይመለሳል። የሚሻለው ቃል የሌለበት አጭር ቪዲዮ አሳይቶ ማስተረክና መቅዳት ነው። ቀጥሎ ጥያቄውን መለዋወጥ ያስፈልጋል፦ «ምን ተፈጠረ?» መሠረታዊውን ያወጣል፤ «ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» ደግሞ አጽንዖቱን ባለቤቱ ላይ ያሳርፋል። ሁለቱን መልሶች በአንድ መዝገብ መደመር አይገባም።

ለቆጠራው የሚያገለግለው ባለቤቱም ተሳቢውም በስም የተጠሩበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በተፈጥሮ ንግግር ይህ ብዙ አይገኝም፤ «ሰበረችው» ብቻውን ሦስቱንም ይዟልና። ስለዚህ ረጅም ቅጂ ያስፈልጋል። ቅጂው ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥም ዕረፍቱ ይመዝገብ፤ «ሰበረችው… ብርጭቆውን» ውስጥ ያለችው አጭር ዝምታ ከተረሳች፣ ኋላ የታከለው ማብራሪያ ከግሥ በኋላ የሚመጣ ተሳቢ ተብሎ ይቆጠራል።